ጥቅል ቁጥር አራት

ረቡዕ ረቡዕ ይመጣል፣ ከሙሐረቅ ማረፊያ፣
በሸውቂ ፒካፕ ጀርባ፣ ሽንኩርት ከሞላው ጆንያ
ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ስምንት ክብ ቆርቆሮ፤
የስንቱ ወደብ ማኅተም አንዱ ባንዱ ላይ ሰፍሮ።
ወረቀቱ «አዲስ ቅጂ» ይላል፣ በቀይ ተሰምሮበት፤
ክዳኑን ከፈት ሳደርግ፣ ኮምጣጤ ነው የሚወጣበት።

እኔ የምሠራው ከሲኒማ ሉል ጓዳ፣ መናማ፣
መስኮት የሌለው ክፍል፣ ከባሕሩ ወበቅ ጋር የተስማማ።
ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቄ፣ ጠርዝ ጠርዙን ስዳስስ፣
ስንጥቅ ባገኘ ቁጥር ክር ይተዋል፣ እስኪሳሳ ድረስ።
«ሙሽራ ነው እንዴ?» ይላል ሸውቂ፣ ጓንቱን እያየ።
በራሴ ዲናር ነው የገዛሁት። የሳቀውን ያህል አልከፈለ።

ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፦

ጥቅል አንድ፦ ዝናብ። (ጭረቱን ነው ዝናብ የምንለው፤
በረሃ ለበረሃ በሚሄድ ግመል ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደው።)
ጥቅል ሁለት፦ ዐሥራ አንድ ቅጥያ። ዐሥሩ በማጣበቂያ፣
አንዱ በቁስል ፕላስተር፣ በእግር ጣት ማሸጊያ።
ጥቅል ሦስት፦ ድምፁ ከከንፈር ይቀድማል፤
አባት አፉን ሳይከፍት፣ እርግማኑ ይሰማል።
ጥቅል ስድስት፦ የሌላ ፊልም።

(አምና እንዲህ ያለውን ሳላይ አሳለፍኩት፤ ሰው ነኝ፣ ደክሞኝ ነበር።
በጥቅል አምስት የተቀበረው ሽፍታ፣ በስድስት ፊቱን ለውጦ፣
ጢሙን ተላጭቶ፣ ባቡር ላይ ተቀምጦ
ብርቱካን ይልጣል። ከመርከብ ጥገናው የመጡት ሠራተኞች
ቱታቸውን እንኳ ያልቀየሩ፣ ከፊት ወንበር ያሉ ሰዎች፣
አንድም አልተነሣ። ሲያልቅ አጨበጨቡ።
አንዱ ብቻ በር ላይ ያዘኝ፦ «ብርቱካኑን የሰጠው ማነው?»)

ሪፖርቱን በሦስት ግልባጭ ወደ ቤሩት እልካለሁ፤
አንዴ መልስ መጣልኝ። የበዓል ካርድ ነው። አኑሬዋለሁ።

ጥቅል አራት ግን።

ከምስሉ በፊት፣ ቁጥሮቹ ወደ ኋላ ሳይቆጥሩ፣
ጥቁሩ መሪ ጭራ ላይ፣ በመርፌ ጫፍ ተጭረው ይታያሉ
ነጫጭ ጭረቶች። ኡርዱ ነው ብዬ ላልፈው ስል፣
ማጉያውን ሳስጠጋ፣ ፊደል ሆነ። የኔው ፊደል፦

«ድልድዩ ጋ ይይዛል። ቀስ በል ወንድሜ።»

ስም የለው። ቀን የለው። አዲስ አበባ ይሁን ኤደን፣ ድሬዳዋ ይሁን ጅዳ፣
ከየትኛው መብራት ሥር ጻፈው፣ ከየትኛው ሙቅ ጓዳ?
ደግሞስ ማን ያነብልኛል ብሎ ነው በአማርኛ የጻፈው?
ቆርቆሮው ወደ ካራቺም ይሄድ ነበር፤ ወደ ማንም።
ጓንቴን አወለቅሁ። ደንቡ አይፈቅድም።
በባዶ ጣቴ ነካሁት። ጥልቅ ነው፤ ተጭኖ ነው የጻፈው።

ሐሙስ ማታ፣ ጥቅል አራት ሲገባ፣
ኩንጁሞንን «ዛሬ እኔ ልቁም» አልኩት፤ ሻዩን ይዞ ወጣ።
የበሩን ጥፍር ላላ አደረግኩ፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ ለማሽኑ፤
ድልድዩ ታየ፣ በቅሎዎቹ ታዩ፣ ገመዱ ሲላላ ጎኑ፣
ከዚያ መጣ ያ ድምፅ፣ ጥርስ ቀዳዳ ሲስት፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣
ጣቴን ሰደድኩ። ትኩስ ብረት። አንዴ ብቻ ገፋ፣ ወደ ውጭ።
ሸራው ላይ ገመዱ ተበጠሰ፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፤
ፊልሙ ግን አልተበጠሰም። አለፈ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቆርቆሮው ወደ መስቀጥ ሳይጫን፣
በሪፖርቱ «ልዩ ምልከታ» በሚለው ሥር ምንም አልሞላሁም።
የተላጠ ጣቴን በፕላስተር ጠቅልዬ፣
መርፌ ከኩንጁሞን ተውሼ፣
ከእሱ ጽሕፈት ሥር፣ በቀረችው ጥቁር ቦታ ጻፍኩ፦

«ይዞ ነበር። አለፈ።
ስድስትን አትልቀቀው፤ የኛ አይደለም።»